ቀድማ የምትነሳው እጅ

ሽማግሌው ከሃያ ዓመት በኋላ ከምክር ቤቱ የሚሸኙበት ቀን ነውና አዲስ ጋቢ ደርበው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ በሆዳቸው የያዟትን አንዲት ነገር ግን ሳይናገሩ ሊሸኙ ነው።

አፈ ጉባኤው አወድሰው አልጠግብ አሉ።

"እኚህ የገጠሩ እንደራሴያችን አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም! ድምፅ ስጡ ሲባል ቀድማ የምትነሳው እጅ የእሳቸው ናት። እስቲ ዛሬ እንኳ አንድ ነገር ይበሉን።"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ እጄን ሳነሳ የኖርኩት የመናገር ዕድል ይሰጠኛል ብዬ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አፈ ጉባኤው የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ "ምን ሊሉን ነበር አባቴ?" አሏቸው።

ሽማግሌው ከጋቢያቸው ስር እጥፋቱ ላይ የተበሳሳ ወረቀት አወጡ።

"የዛሬ ሃያ ዓመት የመንደራችንን ድልድይ ጎርፍ ቢወስደው ማመልከቻ ይዤ መጣሁ። የበሩ ዘበኛ 'ገብተው ተቀምጠው ይጠብቁ' አለኝ፤ ባዶ ወንበር አገኘሁና ተቀመጥኩ። የምክር ቤት አባል አይደለሁም፤ ባለጉዳይ ነኝ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። አፈ ጉባኤው ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ሰዓታቸውንም አዩ።

"አባቴ፣ አሁን ስብሰባ ላይ ነን፤ ነገ ይመለሱ።"