ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ተኩል

የግብርና ባለሙያዋ ቀዩን ችካል ማሳው መሀል ልትተክል ጎንበስ ስትል፣ ባለማሳው ቀድሞ በትሩን ከችካሉ ሥር አስገባ።

ጎረቤቶቹ ጠርጥር ይሉታል። ገንፎ ቢሰጡት መጀመሪያ ስንጥር ይፈልጋል እያሉ ይስቁበታል። ይሳቁ። አባቱ ታችኛውን ማሳ ያጡት አንድ ቀያሽ «ወርቅ መሬት ነው» ብሎ ባሞገሰው በዓመቱ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ፣ ለበቆሎ የሚስማማውን አፈር ሳተላይት ከሰማይ ሆና ትለያለች ሲባል፣ ጠርጥር ጭብጨባውን ትቶ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ደረቅ አገዳ ተሸክሞ የማሳውን ምርጥ ጥቁር አፈር ከዓይን ሰወረው።

አሁን ባለሙያዋ ሳተላይቷ ካነሳችው ፎቶ የተሠራውን ካርታ በታብሌቷ አሳየችው። ዙሪያው አረንጓዴ ነው፣ የእሱ መሀል ግን ቀይ። የደለበ አፈር ከላይ ሲታይ ይጠቁራል፣ የሳሳው ይነጣል፤ የእርስዎ ነጥቷል፣ ካርታውም ለዚህ ነው ቀይ የቀባው አለችው። ቀይ የሆነ መሬት የበቆሎ ዘር አይሰጠውም። ጡብ ሠሪዎች ደግሞ የሚቆፍሩት ቦታ ጠይቀዋል፤ ለእነሱ የሚሰጠው የቀይ መሬት ዝርዝር ዓርብ ይዘጋል።

ጠርጥር ክው አለ። ያኛው አሞግሶ ወሰደ፤ ይቺ ደግሞ አዋርዳ ልትወስድ ነው።

«ይሄን አገዳ መቼ ነው ያነጠፉት፣ አባባ?»

ጥያቄው አልጣመውም። ከፎቶው በፊት ቢል ማታለሉን አመነ፤ በኋላ ቢል መሬቱን በገዛ አፉ ጭንጫ አደረገው። ድሮም ያለ ነው ብሎ ወደ ሌላ ዞረ።

ከኋላው ሚስቱን ሳል ያዛት። አገዳውን አብራው የተሸከመች ሴት ናት፣ ትከሻዋ ገና አልሻረም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችው። «ሳይጻፍብህ ተናገር።»

ባለሙያዋ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። ቀለሙን በቃሏ መለወጥ እንደማትችል፣ ሳተላይቷ ግን በየአምስት ቀኑ ተመልሳ እንደምታልፍ ቀስ ብላ ተናገረች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ጠርጥር ይህንንም አገላብጦ አየው። ወጥመዱ የቱ ጋ እንደሆነ አልታይ አለው፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው። ቀና ብሎ ባዶውን ሰማይ ሲያይ ቆየ።

«በስንት ሰዓት ነው የምታልፈው?»

«ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ግድም። ደመና ከሌለ።» ችካሏን በብብቷ ይዛ ሄደች።

ባልና ሚስት ወዲያው አገዳውን ማንሳት ጀመሩ። ከአገዳው ሥር አፈሩ እንደ ጥንቱ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ጠርጥር አንድ እፍኝ አንስቶ አሸተተና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሚስቱን ትከሻሽን አሳርፊ ብሎ ወደ ቤት ላካት።

ብቻውን ሲቀር የመጨረሻውን ጥግ፣ ያቺን የአልጋ ስፋት የማትሞላውን፣ ሳይገልጥ ተዋት። ንፋስ አገዳውን እንዳያነሳባትም ድንጋይ ጫነባት።