ሰኞ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ

የእንግሊዝኛ መምህሩን የወንድሙ ስልክ አልሠራ ካለው ሦስተኛ ቀኑ ነው። የዕለቱ ትምህርት «ባይ ናው»፣ ማለትም «እስካሁን» ስለነበር፣ አፉ ላይ የመጣለትን ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈ፦ «ወንድሜ ሰኞ ከጅማ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ፣ እስካሁን እዚህ በደረሰ ነበር።» እጁ ይጻፍ እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም።

«ደርሷል?» ሲል ጎልማሳ ተማሪዎቹን ጠየቀ።

«አልደረሰም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሰኞስ ተነስቷል?»

መናኸሪያ ትኬት የምትቆርጠው እልፍነሽ ብቻ፣ ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «ተነስቷል» አለች።

«ተሳስተሻል። ተነስቶ ቢሆንማ በደረሰ ነበር። እንዲህ ከተባለ አልተነሳም ማለት ነው።»

እልፍነሽ ቀና ብላ አየችው። «እሺ መምህር» አለች። «አልተነሳም እንበል።»

ጠመኔውን ከእጁ አራግፎ ወጣ። ራት አልበላም፤ አለመብላቱንም ልብ አላለውም።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ተማሪዎቹ በሙሉ ደጁን ሞልተውታል። እልፍነሽ ከፊት ቆማለች፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዳቸውም ደብተር አልያዙም።

«ትምህርቱ እኮ ከሰዓት በኋላ ነው» አላቸው።