ከአምባው ለመውረድ

የንጉሥ ዘር የሆነ ወንድ ሁሉ ዙፋን እንዳይሻማ አምባ ላይ በሚታሰርበት ዘመን፣ አንድ ልዑል ከነወንድሙ እዚያው ጎለመሰ። ምኞቱ ወደ ታች መውረድ ብቻ ነበር።

«አካሉ የጎደለ አይነግሥም፤ የማይነግሥን ደግሞ ማን ይጠብቀዋል?» ይለው ነበር ጠባቂው ጓንጉል እየቀለደ።

አንድ ማለዳ ልዑሉ ጥርሱን ነክሶ ጆሮውን በካራ ቆረጠ፤ ደሙን በኩታው አፍኖ በሩን ደበደበ።

«ክፈት ጓንጉል! ከእንግዲህ ምን ብለህ ትጠብቀኛለህ?»

በሩ ሲከፈት ጓንጉል መሬት ላይ ተደፍቶ ነበር። ከኋላው መኳንንቱ ዘውድ ይዘው ቆመዋል።

«ጃንሆይ፣» አለ ጓንጉል ቀና ሳይል፣ «አጎትዎ ዐርፈዋል፤ ሊያነግሡዎ መጡ።»

ከመኳንንቱ ሽማግሌው ደም የጠጣውን ኩታ አዩ።

«ወንድሙን ጥራው» አሉት ጓንጉልን። «ይህንንም በር መልሰህ ዝጋ።»