የተቀበረው በሬ

የእንስሳት ሐኪሙ ለቅሶ ሊደርስ ሲገባ የሟች ሚስት እትዬ ወርቅያንጥፉ ከጎናቸው፣ ቁርበት የተነጠፈበት መደብ ላይ አስቀመጡት። እንባቸው ደርቋል።

ባለፈው ወር በሬያቸው በድንገት ሲሞት ያየው እሱ ነበር። «አባ ሰንጋ ነው፤ ሰውም ይገድላል። ሥጋውን ማንም እንዳይቀምስ፣ በጥልቁ ቅበሩት» ብሏቸው ሄደ። አሁን ደግሞ ባልየው፣ አያ ደምለው፣ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ቁስል ወጥቶባቸው ሞቱ።

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከሥጋው ቀምሳችኋል?» አላቸው።

«ኧረ ምን ሲባል! ፋሲካን እንኳ በሽሮ ነው የዋልን። ጉድጓዱን ደምለው ራሱ ነው የቆፈረ፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ጭኖበታል።»

«ታዲያ ይሄ ቁስል ከየት መጣ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ዶክተር።»

ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል። እትዬ ወርቅያንጥፉ ሐኪሙ የተቀመጠበትን ቁርበት ቀስ ብለው ዳበሱት።

«ከዚያ በሬ የተረፈችን ይቺ ብቻ ናት» አሉ። «ደምለው ራሱ አልፍቶ ሲተኛባት ነበር። ዛሬ ለእርስዎ ብዬ ነው ያነጠፍኳት።»