በድንጋይ የጠፋው ምልክት

አባቴ ምላጩን ከእጁ አላወጣውም። አውራ ጣቱን በስለቱ ላይ አግድም ያሳልፋል። ዓይኑ ከከዳው ወዲህ የሚያየው በጣቱ ነው።

“አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋ ነው ያገኘሁት” እለዋለሁ። “ዝጎ ነበር። ሦስት ቀን ሳልኩት።”

“አንተ በሦስት ቀን እንዲህ ካወጣኸው፣ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ኖርኩ?” ይስቃል።

ደስታዬን መደበቅ ያቅተኛል። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮት ፀጉር ቤቱን ከዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጢሙን ለማንም አላስነካም። “እንደ ወጉ በምላጭ መላጨት ስትችል ጉሮሮዬን እሰጥሃለሁ” ብሎኝ ነበር። ዛሬ እንዲሰጠኝ ነው የመጣሁት። ሙቅ ውሃውም ፎጣውም አጠገቤ ነው።

ጣቱ እጀታው አጠገብ ሲደርስ ይቆማል።

“እዚህ ጋ ምንም አልነበረውም?”

“ሁለት የተሸረፉ ቦታዎች ነበሩት፣ ጎን ለጎን። የመሳያ ድንጋይ ላይ አሽቼ አሽቼ አጠፋኋቸው። ቀኑን የፈጀብኝ እኮ እሱ ነው።”

ሳቁ ከፊቱ ይጠፋል።

“ልጄ፣ እሱ በአጋጣሚ የተሸረፈ አይደለም። ሬሳ የተላጨበትን ምላጭ እኛ ፀጉር ቆራጮች በሞረድ ሁለት ቦታ እንሸርፈዋለን፤ ተሳስቶ የሚያነሳ ሰው በሕይወት ያለ ፊት ላይ እንዳያሳርፈው። ሬሳ ደግሞ አያያዙም ሌላ ነው። በግራ እጅህ አገጩን ከሥር ትደግፍና መጀመሪያ አፉን ትዘጋለህ።” ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል። “ሞክረኸዋል?”

“ዛሬ ጠዋት። ጉንጬን ትንሽ ቆረጠኝ።” ልቀልድ እሞክራለሁ። “ግን ደም ጠብ አላለም። ለጀማሪ አይከፋም፣ አይደል?”

አባቴ አይስቅም። የሚንቀጠቀጥ እጁን ዘርግቶ ቁስሉን ይፈልገዋል። ሲያገኘው ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፤ አሁንም ደረቅ ነው። ከዚያ ወደ አንገቴ ወርዶ ከጆሮዬ ሥር ሁለት ጣቶቹን ያሳርፋል። የደም ሥሬ ሲመታ ሊሰማ የፈለገ ይመስል እዚያ ብዙ ይቆያል።

“አባዬ፣ አስፈራኸኝ” እላለሁ። እውነትም ፈርቻለሁ። “ትኩሳት አለኝ እንዴ?”

“የለህም” ይላል ቀስ ብሎ።

ግራ እጁን ከአገጬ ሥር ያስገባል። ወደ ላይ ይገፋል፤ ጥርሶቼ ይገጥማሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ መያዝ ያቃተው እጅ አሁን አይንቀጠቀጥም።