የወይዘሮ አትጠገብ ንፍሮ

ሕጉ ለገበሬ አሳቢ ነው። አንድ መልክ፣ አንድ መጠን ያለው ነጭ አደንጓሬ በየዓመቱ በፓኬት ይታደላል፤ ዘር መምረጥ የሚባል ጭንቀት ቀርቷል። የራስን እህል መብላት ይፈቀዳል፣ ለከርሞ ዘር ማስቀመጥ ግን ያሳስራል።

ወይዘሮ አትጠገብ ከእናታቸው የወረሱትን ቀይ፣ ጥቁርና ዥንጉርጉር አደንጓሬ፣ የቀረቻቸውን ሁለት እፍኝ፣ ሰፌድ ላይ ሲለቅሙ የዘር ተቆጣጣሪው ቸርነት ከተፍ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«ለንፍሮ ነው። ልቀቅለው ስል ነው የመጣህ።»

«እንኳን ደረስኩ፤ ቁርስም አልበላሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ከእንግዲህ ምን ይባላል? እንግዳ ጦሙን አይሸኝም። ድስቱን ጣዱ። ጥቂት ፍሬ በመዳፋቸው ሊያስቀሩ ሲሞክሩ፣ ቸርነት ሰው አክባሪ ነውና፣ ሰፌዱን ተቀብሎ ራሱ ገለበጠላቸው። እስኪበስል ድረስም የሕጉን ጥቅም በትዕግሥት አስረዳቸው።

ከዚያ ጨው ነስንሶ አንዲት ፍሬ ሳያስተርፍ በላ።

«የኛው ነጭ እኮ ጣዕም የለውም» አለ ጣቱን እየላሰ። «እንዲህ ያለው ዛሬ የት ይገኛል እማማ?»

«ሆድህ ውስጥ ነው ልጄ» አሉት ባዶውን ሰፌድ እያራገፉ።