በልቻለሁ

ማንኪያውን አፏ ጋ ሳደርስ ልጄ ቴሬዛ ጥርሷን ግጥም ታደርጋለች። ሦስት ዓመቷ ነው። ባሚያው ቀዝቅዟል። ዓሣው አጥንት እንዳይኖረው ሦስቴ ፈትሼዋለሁ፤ እንጀራ መሳዩን ኪስራም በትንሽ በትንሹ ቆራርሼላታለሁ።

«ለአያትሽ አንዲት ጉርሻ!» እላታለሁ። ቴሬዛ የእናቴ ስም ነው።

«ከላስ! በቃኝ!» ብላ ፊቷን ታዞራለች።

ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ የክንዷን ውፍረት በባለ ቀለሙ ጥብጣብ ሲለኩት ቢጫው ላይ አረፈ። ነርሷ ቀዩን በጣቷ አሳየችኝና፣ «እዚህ ከደረሰች እናስተኛታለን» አለችኝ። ነገ እንደገና ትለካለች። ብስኩቱንም ሶዳውንም አስቀርቻለሁ። እንቁላል፣ ፓፓያ፣ ጎመን፣ ከሃይ ማላካል ገበያ ያልገዛሁላት የለም። አፏን የሚከፍትልኝ ግን አጣሁ።

ሐበሻዋ ጎረቤቴ እትዬ አረጋሽ ሱቋን ለምሳ ዘግታ በራፌ ላይ ቆማ ታየናለች።

«አንቺ ሮዝሜሪ፣ ዘበኛ ነሽ እንዴ? እላይዋ ላይ ቆመሽባት እንዴት ይዋጥላት? ቁጭ ብለሽ አብረሻት ብዪ እንጂ!»

«በልቻለሁ» እላታለሁ፣ አፌን በእጄ ጀርባ እየጠረግኩ። ከጠዋት ጀምሮ ሻይ እንኳ አልቀመስኩም።

ቴሬዛ ሽቅብ ታየኛለች። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋና ደረቅ አፏን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች።

«በልቻለሁ» ትላለች፣ ልክ እንደ እኔ ረጋ ብላ።

እትዬ አረጋሽ በሳቅ ፍርስ ትላለች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። በሐሳቤ ልጅ ሆኜ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ነኝ። ስድስት ልጆች አንድ ሳህን ከበናል፤ ክርናችን ይጋጫል፣ እጃችን ይሻማል። እናቴ ከሳህኑ ራቅ ብላ በሩ ጋ ተቀምጣለች። «አንቺስ ማማ?» ስንላት ደረቅ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ትጠርግና «በልቻለሁ» ትለናለች። እኛም ደስ ብሎን እናምናታለን። የት እንደበላች አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናትም።

ዛሬ የእኔ ቤት ጥግ አንድ ኬሻ ዱቄት ቆሟል። ግን ልጄ ስበላ አይታኝ አታውቅም። እሷ ስትተኛ ነው፣ ድስቱ አጠገብ ቆሜ፣ ከእሷ የተረፈውን የምቀማምሰው። ማንም ያዘዘኝ የለም። እናት የምትበላው እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ትናፍቀኛለች። አሁን እዚህ ቁጭ አድርጌ ባበላኋት።

ማንኪያውን አስቀምጬ ምንጣፉ ላይ ከልጄ ጎን እቀመጣለሁ። ኪስራ ቆርሼ ባሚያው ውስጥ ነከር አድርጌ እጎርሳለሁ። ለካ ርቦኝ ኖሯል። ቴሬዛ አፌን ታያለች፤ እስክውጥ ድረስ ዓይኗን አትነቅልም።

«ማማ ትበያለሽ?»

«አዎ፣ እበላለሁ። ርቦኛል።»

ትንሽ ታስባለች። እኔ ሁለተኛውን እቆርሳለሁ። ሦስተኛውን ልቆርስ ስል ትንሿ እጇ ሳህኑ ውስጥ ገብታ ከእጄ ጋር ትጋጫለች። ትልቁን የዓሣ ቁራጭ ቀድማኝ ታነሳና፣ እንዳልቀማት በክርኗ ጋርዳ ትጎርሳለች።